«እንብላ» የቀረበት ቤት

አባቴ በታመሙበት ዓመት ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ዛሬስ ምን ቀመሱ?» እንዴት አደርሽ የሚለኝ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣም፣ ውሃ ስቀዳም፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስመርጥም ያችው ናት። መልሴን ሳይሰሙ ደግሞ ምክሩ ይከተላል፤ አጥሚት አድርጊላቸው፣ ተልባ አድርጊላቸው፣ የጥቁር ዶሮ መረቅ አድርጊላቸው። ምክርና ቡጢ ለሰጪው ቀላል ነው። ምድጃው ፊት ተቀምጬ ለራት ምን ልሥራ እያልኩ የምጨነቀው ግን እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት ኮላ ድባ አግብቼ ነበር። ትዳሩ አልሆነም፤ ስለ እሱ የምጽፈው ነገርም የለኝም። ተፈትቼ ጎንደር ወደ አባቴ ቤት ስመለስ ዘመድ አዝማዱ አፉን ሊከፍትብኝ ሲዘጋጅ የአባቴ ሳል ቀደመውና ሐሜቱ ወደ እዘኔታ ተለወጠ። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። እኔስ እንዲህ ያለው ድግስ ቢቀርብኝ በወደድኩ።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከደብሩ አጥር ሥር ነው፤ ተማሪዎቻቸው በግቢያችን ጥግ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ጠዋትና ማታ የግእዝ ግስ ሲያስገስሱ እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ግስ በቤታችን እንደ ጨው የማይጠፋ ነገር ነበር። እናቴ «ወጡ አረረብኝ» ካለች አባቴ ዝም አይሉም። «አረረብኝ ያልሽው ጥፋቱን ወደ ወጡ ለማስጠጋት ነው፤ አሳረርሁት በይ» ይሏታል። እሷም መልስ አታጣም፤ እርስዎ እያናገሩኝ ነው ያረረው ትላቸዋለች። ሁለቱ የሚዋደዱት እንዲህ እየተነካከሱ ነበር።

ራት የምንበላው ከአንድ መሶብ ነው። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ደግሞ ያን ዕለት አቁማዳው ባዶ የሆነበት ተማሪ ካለ እሱም ይጨመራል። በደጅ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ከተሰማ አባቴ የቆረሱትን እንጀራ እጃቸው ላይ ይዘው «እንብላ!» ይላሉ። መንገደኛው «ይባረክ» ብሎ ያልፋል ወይም ይገባል። ከገባ ወጡ ይቀጥናል፤ እናቴና እኔ እንተያያለን። ብቻ አባቴ ሰው ሳይጠሩ የቆረሱበትን ቀን አላስታውስም።

ሳሉ ከክረምቱ ጀምሮ አለቀቃቸውም ነበር። ብርድ ነው ብለን ጤና አዳም አጠጣናቸው፤ ነጭ ሽንኩርት በማር አላስናቸው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ መወደስ የሚባለውን ቅኔ ሲያሰሙ ሳሉ አቋረጣቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ነጠላው ላይ ደም አየሁ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

በሐኪም ፈንታ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ወጣት ነው፤ ሰው የሚያከብር ልጅ ነበር። አባቴን መርምሮ እንዲቀመጡ ካደረገ በኋላ እኔን ወደ በረንዳው ወሰደኝ። በሽታው የሳንባ ነው አለኝ። መርፌ ይወጋሉ፤ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ይብሉ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳህናቸውን፣ ዋንጫቸውን፣ የሚተኙበትን ሁሉ እንድንለይ፣ ማንም ሰው ከእሳቸው ጋር እንዳይበላ ነገረኝ። እስከ መቼ ብዬ ብጠይቀው እስኪሻላቸው አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ እሱም መሬት መሬት አየ። መልሱ ያ ነበር።

ይህን ለአባቴ ላለመንገር የወሰነችው እናቴ ናት። የሳንባ ነገር ከሰሙ ተስፋ ይቆርጣሉ አለች። ከጣልያን የቀረ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ነበረን፤ እሱን አጥባ አዘጋጀችና በርበሬ ስለማይስማማዎት ምግብዎ ለብቻ ይሠራል ልትላቸው ሆነ። እኔም ተስማማሁ። ያን ጊዜ ብልኅ ሐሳብ መስሎን ነበር።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ። ወተትና እንቁላል የተባለው ነገር ከንቱ ሆነ። የነፍስ አባታቸው መጥተው ሕመምተኛ ጾም የለበትም፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ አሏቸው። አባቴ እጅ ነሥተው «ፈቃዱን ተቀብያለሁ፤ ወተቱን ግን አልቀበልም» አሉ። ከእሳቸው ጋር የሚከራከር ሰው ቅኔ ማወቅ አለበት። የነፍስ አባታቸውም ይህን ያውቁ ስለነበር መስቀል አሳልመው ወጡ።

ስለዚህ የአንድ የተጎዳ ሰው ሳንባ በጾም ምግብ መጠገን የኔ ፈንታ ሆነ። መርፌ ለመወጋት በምንሄድበት ቀን አባቴ ወደ ውስጥ ሲገቡ እኔ ግድግዳው ሥር ከአስታማሚዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። ያ ግድግዳ ሌላ ጉባኤ ቤት ነበር። ሁላችንም በጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዘናል፤ ሁላችንም ቤታችን ምድጃ ላይ የተውነው ድስት አለ። የሚገርመኝ፣ ስለ በሽታ የሚያወራ አልነበረም። አንዷ ሴት የባሏ እግር መቆረጡን ሳትነግረኝ ስለ እልበት አወራችኝ፤ የባቄላው ዱቄት ሲማሰል እጅ ከታከተ እልበቱ ይሟሽሻል፣ እስኪነጣ መምታት ነው ትለኛለች። ሌላዋ ገንፎ ለማይውጥ ሰው የአጃ ቂንጬ ውሃውን አብዝቶ መቀቀል ነው ትላለች። ስለ ሳልና ስለ ቁስል ካወራን ልናለቅስ ነው፤ ስለ ወጥ ካወራን ግን ነገም የሚበላ ሰው አለ ማለት ነው።

ከሁሉም የማልረሳት አንዲት የዛሪማ ሴት ናት። ልጇ እዚያው ተኝቷል። ከቆላ የመጣ ሰሊጥ በከረጢት ይዛ ነበርና አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። አመስ አድርገሽ፣ ጨርሶ ሳይጠቁር፣ ወቅጠሽ፣ ለብ ባለ ውሃ አሽተሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ፣ ጨው ጣል አድርገሽበት እንጀራ ፈትፍቺበት አለችኝ። ወተት ይመስላል፣ ወተት ግን አይደለም፤ ጾመኛውም አይቀየም፣ ሳንባውም አይቀየም አለችና ሳቀች። ጥርሷ ሸጋ ነበር። ልጇ በሰሊጥ ይሻለው እንደሆን ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

የሰሊጡን ፍትፍት በሳህናቸው አድርጌ አቀረብኩላቸው። አባቴ ጎረሱና ጥሩ ነው አሉ። ሁለተኛ አላነሡም። በማግስቱ እልበት ሠራሁ፤ እስኪነጣ መታሁት፤ ክንዴ እስኪዝል። ቀመሱና ጥሩ ነው አሉ። ስልጆ ሠራሁ፤ ሰናፍጩ አፍንጫ እስኪሰነፍጥ። ጥሩ ነው። የሱፍ ፍትፍት ሠራሁ፣ በሶ በማር በጠበጥኩ፣ የሽምብራ ዓሣ ሠርቼ ትንንሽ አድርጌ ጠፈጠፍኩ። ሁሉም ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሳህኑ ላይ ይቀራል። እኔና እናቴ ጓዳ ገብተን እንከራከራለን። ጨው አነሰው፤ አይደለም፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም፤ አይደለም፣ አፋቸው መርሯቸዋል። የእሳቸው እህል አልቀምስም ማለት በወጥ ምክንያት የሚመጣ መስሎን ወጥ ስንለዋውጥ ጾሙ ተጋመሰ።

አንድ ቀን ለራት የምስር ወጥ ሠርቼ ሳህኑን ከፊታቸው አስቀመጥኩና «ይብሉ አባዬ» አልኳቸው። እኔና እናቴ ከወዲያ መሶባችንን ከበን ተቀመጥን። አባቴ እጃቸውን አልሰደዱም። ለተማሪ ግስ በሚያስረዱበት ድምፅ ተናገሩ።

«ንብላዕ ነበር፤ ብላዕ ሆነ» አሉ።

እናቴ ግእዙ አልገባትምና ወደ እኔ ዞረች። እኔ ገባኝ። «እንብላ» ነበር፤ «ብላ» ሆነ ማለታቸው ነው። በዚያ ቤት ለዚያ ሁሉ መንገደኛ ስንል የኖርነውን ቃል ለእሳቸው ካልን ስንት ጊዜ ሆነን? ሳህኑን የለየን ዕለት ቃሉም አብሮ ተለየ። ማናችንም አላወቅነውም። አብሮ የማይበላ ሰው «እንብላ» አይልምና አፋችን ራሱ «ይብሉ» ማለት ለመደ።

«በርበሬው ነው እኮ» አለች እናቴ።

«ይሄ ምስር በርበሬ አለው» አሉ አባቴ። «የእናንተም አለው። አየሁት እኮ። ከተጸየፋችሁኝ ተጸየፍንህ በሉኝ፤ ወጥ አታሳብቡበት።»

እናቴ አለቀሰች። እኔ አሁን ልንገራቸው ብዬ ተነሣሁ፤ እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። አባቴም ከሳህኑ ቆንጥረው አንድ ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ወዲህ የሚጎርሱት ለእኛ ብለው ነው። አጥንታቸው ከነጠላቸው ሥር ይታይ ጀመር። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ግን ሰፈሩ ጸጥ ሲል አስጠላኝ።

ፋሲካን ተስፋ አድርጌ ነበር። ሥጋና ቅቤ ሲመጣ ሰው ይሆናሉ ብዬ ለራሴ ስነግር ሰነበትኩ። ዶሮዋን ከኮላ ድባ ከመጣ ሰው ራሴ መርጬ ገዛሁ፤ ሽንኩርቱን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሬ አቁላላሁ፤ ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ነበር። ፈረሰኛውን፣ እንቁላሉን፣ ከወጡም ዓይን ዓይኑን መርጬ በሳህናቸው አደረግሁ። ጠዋት ነው። የጎረቤት ሁሉ ድምፅ ይሰማል፤ «እንኳን አደረሰን» እየተባባለ ከቤት ቤት የሚዞረው ሰው ግን የኛን በር ዘሎት ያልፍ ነበር። አባቴ ሳህኑን አይተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ለምጽዋት እንደሚባለው። ዞር ብለው ተኙ። ወጡ ቅባቱ እስኪረጋ ሳህኑ ላይ ቆየ።

እናቴ ብድግ አለች። የኛን መሶብ ሁለት እጇን ዘርግታ አነሣችና መደቡ ጫፍ አባቴ ራስጌ አስቀመጠችው። የሳህኑን ወጥ በእንጀራው ላይ ገለበጠችው። እኔ ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ድሬሰሩ ያለውን፣ እሷ ራሷ የወሰነችውን ሁሉ በዓይኔ ነገርኳት። አላየችኝም።

«እንብላ» አለቻቸው።

አባቴ ዞረው ትክ ብለው አዩዋት። ቀስ ብለው በክርናቸው ተደግፈው ተቀመጡ። እሷ ቆርሳ አጎረሰቻቸው። እሳቸውም ቆርሰው አጎረሷት። በሉ። ከጥምቀት ወዲህ እንደዚያ ሲበሉ አላየሁም ነበር። ፈረሰኛውን ተሻሙበት። እኔ ጓዳ ገብቼ ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ ይሁን ፈርቼ እስከ ዛሬ መለየት አልችልም።

ጓዳ ተከትላኝ ስትመጣ ተጣላን። ተይ፣ አብረሽ አትብዪ፣ ትሞቻለሽ አልኳት፤ እንደ እብድ ጮኽሁባት። «ድሬሰሩ ሳሉን ያውቀዋል፤ ባሌን ግን አያውቃቸውም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር እንዳላነሣባት አስማለችኝ። እኔን ግን ከዚያ መሶብ እንዳልጠጋ እሷው ከለከለችኝ። ለእኔ ሲሆን ድሬሰሩን ታምነዋለች።

በዓለ ሃምሳው ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት ነውና እነዚያ ሳምንታት የእኔ በዓል ነበሩ ማለት እችላለሁ። አንድ ቀን ቅቅል፣ አንድ ቀን አይብ በጎመን፣ አንድ ቀን እንቁላል በቅቤ። የአስታማሚዎቹ ግድግዳ ሥር ጠይቄ የምመጣው ሁሉ ይሳካልኝ ነበር። እኔ ሠርቼ አቀርባለሁ፤ እነሱ ሁለቱ ይበላሉ፤ «አረረብኝ» እና «አሳረርሁት» ተመለሰ። አባቴ ከመደቡ ወርደው ደጅ ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ሄደው ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ መጥቶ ግስ ጠየቃቸው፤ እሱ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ፣ እሳቸው ከወዲህ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው ቢሰልም አስተማሩት። መርፌውም እየሠራ ነው አለ ድሬሰሩ። የዛሪማዋን ሴት ይህን ልነግራት ፈለግኋት፤ ግድግዳው ሥር የምትቀመጥበት ላይ ሌላ ሰው ነበር። የት ሄደች ብዬ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ሲይዝ ሳል ሰማሁ። ምድጃውን እየቆሰቆስኩ ነበር። የአባቴን ሳል እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ ይህ የእሳቸው አይደለም። ቀጭን ነው፣ የታፈነ፣ ሰው እንዳይሰማ በነጠላ የተያዘ። ከጓዳ ነው የመጣው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ከሩቅ ሲመጣ ቆሜ ያየሁት ነበር፤ ስለዚህ ጮኼ አላለቀስኩም፤ ጭራሮውን ሰብሬ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት።

አባቴም ሰምተዋል። የቅኔ መምህር ጆሮ ነው። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠሩኝና ሳህኑን ለምን እንደለያችሁ ንገሪኝ አሉ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የሳንባውን፣ ድሬሰሩ ያለውን፣ እናቴ የወሰነችውን። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ ስለነበር ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ይከብዳል።

«ያኔ ምነው አልነገራችሁኝም?» አሉ።

«እንዳይፈሩ ብለን ነው።»

«እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ሳህናቸውን እንዳመጣላቸው ነገሩኝ።

እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ድሬሰሩ እንዴት ሆኖ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሁለተኛ ሳህን እንድለይ ብቻ ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በአዳራሹ መደብ ላይ፣ እናቴ በጓዳ፣ እኔ በመካከላቸው ምድጃው ዘንድ ሆንን። መሶቡን ጓዳ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ለአንድ ሰው መሶብ አይቀርብም። ከድስቱ ዳር ተቀምጬ ቆርሼ እበላና ሲበቃኝ እነሣለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እንል ነበር፤ ለስስታም የምንለው ነው። ያ ክረምት ሦስት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ቦታ በላ፤ አንዳችንም ስስታም አልነበርንም።

እናቴ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። አንዴ ይዞኛል፣ አሁን መለየቱ ምን ይሠራል ብላ ወደ አዳራሹ ልትወጣ ስትል አባቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው ተቆጧት። እሷ ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳንባሽን ጨርሼ ልሂድ ወይ አሏት። ተመለሰች። ግን ቃል አስገባቻቸው፤ እርስዎ ካልበሉ እኔም አልበላም አለች፤ በኔ በኩል ነው ያለችው። እሳቸውም አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም ብለው በኔው መለሱላት። እንግዲህ አንዱ ሲጨርስ ባዶውን ሳህን ወስጄ ለሌላው ማሳየት ሥራዬ ሆነ።

የፍልሰታ ጾም ሳይጋመስ አባቴ መዋጥ አቃታቸው። የሰሊጡን ወተት እንኳ በማንኪያ ስሰጣቸው በአፋቸው ዳር ይመለሳል። እናትሽ በላች ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ድፊውና ባዶውን አሳዪያት» አሉኝ።

በቤታችን እህል አይደፋም። የወደቀ ፍርፋሪ ይነሣል፣ ይሳማል፣ ይበላል፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን አየሁ፤ ዘወር አደረጉት። ሳህኑን ይዤ በጓሮ ወጣሁ፤ ጎመኑ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሳህኑን አጠብኩና እናቴ ፊት ያዝኩት። እሰየው አለች፤ ፊቷ በራ። የራሷን ሳህን ተቀበለችኝ። ተመልሼ ልወስድ ስመጣ እንደ ሞላ ነው። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ይተኩሳል።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ድፊውና ባዶውን አሳዪያቸው» አለችኝ።

ቃሏ ከቃላቸው ፊደል አልጎደለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከአንድ መሶብ የበላ ሰው እንዲህ ይሆናል መሰለኝ። ወጣሁና ያንኑ ጉድጓድ መልሼ ከፈትኩት።

ለአንዱም አልነገርኩም። ምን ብዬ ልንገር? አንዱ ሌላው በልቷል ብሎ ማመን ብቻ ነበር የቀራቸው፤ እሱን ከነጠቅኳቸው ሌላ የማቀምሳቸው ነገር የለኝም። ምግብ መሥራቱንም ልተው አልቻልኩም። ሙቀጫው ካልተሰማ፣ የሽንኩርቱ ሽታ አዳራሽና ጓዳ ካልደረሰ ውሸቱ አይቆምም። ስለዚህ ሠራሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም። እልበቱ እንደ ጥጥ ነጣ። የሽምብራው ዓሣ ሳይፈርስ ወጣ። ጎረቤት ሴት አጥር ላይ ቆማ ምን ብትሠሪ ነው እንዲህ የሚያውድ፣ እኔም አስታምማለሁ ንገሪኝ አለችኝ፤ ነገርኳት። በሉ ወይ አለችኝ፤ ጨረሱት አልኳት። እውነቴን ነው፤ አንድም ፍርፋሪ ቤት ውስጥ አይተርፍም ነበር። ጓሮዬ ያን ክረምት እንደዚያ አምሮ አያውቅም፤ ከዚያ ጎመን ግን አንድ ቅጠል አልቀጠፍኩም።

አባቴ ያረፉት አደይ በፈነዳበት ሳምንት ነው፤ በቀትር። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ሳህኑ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው። እጃቸውን አጣጥፌ፣ ዓይናቸውን ከድኜ፣ ከመጮኼ በፊት ሳህኑን ይዤ በጓሮ ዞርኩ። ደፋሁት። አጠብኩት። ከዚያ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ፊቴን ስታይ አወቀች። አልጮኸችም፤ የምትጮኽበት ሳንባ አልነበራትም።

«በልተው ነበር?» አለችኝ።

ሳህኑን አሳየኋት። «ጨርሰው ነው» አልኳት።

ሳህኑን ከእጄ ወሰደችና ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። ሰው እስኪሰበሰብ አልሰጠችኝም።

የሞተ ሰው የሚፈራ የለምና ቤታችን እንደገና በሰው ሞላ። ጎረቤቱ እዝን ተሸክሞ ገባ፤ ከየቤቱ የመጣ እንጀራ፣ ከየቤቱ የመጣ የሽሮና የምስር ወጥ። የድሮ ተማሪዎቻቸው ከድንኳኑ ሥር ገበታ ከበው «እንብላ፣ እንብላ» ይባባላሉ። ያ ሁሉ ጊዜ የት ነበራችሁ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ሰው ነው፤ ሳል ይፈራል።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ለእናቴ የሰሊጥ ፍትፍት ሠራሁላት፤ ማር ጨመርኩበት። በሳህኗ አድርጌ ሰጠኋትና እቃ ላጥብ ወጣሁ። ስመለስ እንዳለ ነው፤ አልነካችውም። አጠገቧ ቆምኩ። እጄን ዘረጋሁና ድፊው እንድትለኝ ጠበቅሁ።

 ሳህኑ እንደ ሞላ ከፊቷ ተቀምጧል።

«ልድፋው?» አልኳት በመጨረሻ።

«ተይው» አለችኝ። «አሁን ለማን ታሳዪዋለሽ?»